ትምህርት ቤትን በኢንተርኔት ስለ ማስተዋወቅ

መልካም ዕቃ ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነጋዴ ከገዢው ጋር ሳይገናኝ ገበያው እንደሚፈታበት የንግድ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለውም ለሹመት ፈላጊ ብቻ አይደለም፤ ለቡናም፥ ለጨርቅም፥ ለትምህርት ቤትም ይሠራል። እርግጥ ነው፥ ትምህርት እንደ ሸቀጥ በሚዛን ተመዝኖ የሚሸጥ ነገር አይደለም። ነገር ግን የግል ትምህርት ቤት የቤት ኪራይና ግብር ያለበት፥ ለመምህራን ደመወዝ የሚከፍል፥ ተማሪ ሲያጣም በሩን የሚዘጋ ድርጅት ስለ ሆነ፥ መኖሩንና ሥራውን ማሳወቅ ግዴታው ነው። በዛሬው ዘመን ይህ የማሳወቅ ሥራ በአብዛኛው ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክና ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል። ስለዚህ ማሳወቂያው እንዴት እንደሚሠራ፥ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያሰናክል በጥቂቱ መመልከት ይገባል።

ነገሩ ነጋዴውን የሚመለከተው ስለ ምንድን ነው?

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ሰቃን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዪቱ በቡና አምራችነቱ የታወቀው የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ጅማ ቅርብ በመሆኑ፥ ገንዘብ ያለው የሰቃ ወላጅ ልጁን ወደዚያ ልኮ ማስተማር አይቸገርም። ይሁን እንጂ ልጁን የላከ አባት ከልጁ ጋር ገንዘቡንም ይልካል። የመኝታ ቤት ኪራዩ፥ ምግቡ፥ ደብተሩ፥ የደንብ ልብሱና ጫማው ሁሉ በሌላ ከተማ ይገዛል። በአንጻሩ በከተማዪቱ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ሲይዝ፥ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩም፥ ልብስ ሰፊውም፥ ዳቦ ጋጋሪውም አብረው ይጠቀማሉ። ለዚህ ነው የትምህርት ቤት መታወቅና አለመታወቅ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያው ሁሉ ጉዳይ የሚሆነው። ስለ ሰቃ የተባለው ለአጋሮም፥ ለየቡም፥ ለሸቤም፥ በጅማ ዙሪያ ላሉት ለሌሎቹም የቡና ከተሞች ይሆናል።

ወሬው ከገበያ ወደ ስልክ እንዴት ተዛወረ?

ቀድሞ የትምህርት ቤትን ዝና የሚያደርሱት ሰዎች ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ስሙን በየአውራጃው ያዳረሱት ከዚያ ተምረው የወጡት ወጣቶች ናቸው። ያ ትምህርት ቤት ኋላ ኮሌጅ ሆኖ፥ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በሒርማታ የሐሙስ ገበያም ቡና ሊሸጥ የመጣው ገበሬ የልጁን ነገር ከወዳጁ ጋር ሳይመክር አይመለስም ነበር። ይህ ዓይነቱ የሰው ለሰው ወሬ ዛሬም አልጠፋም፤ የሚጓዝበት መንገድ ግን ተለውጧል።

የቡና ነጋዴዎች ለውጡን ከሌላው ቀድመው አይተውታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ፥ የዕለቱን ዋጋ በስልክና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማሰማት አንዱ አገልግሎቱ ሆነ። በሩቅ ወረዳ ያለ አቅራቢ የአዲስ አበባውን ዋጋ በእጁ ስልክ ለማወቅ ቻለ። ወሬን በሞኖፖል የያዘ ደላላም የቀድሞ ጉልበቱ ቀነሰ። ያን ጊዜ በቡናው ላይ የታየው ነገር ዛሬ በትምህርት ቤት ላይ እየታየ ነው፤ ወላጅም እንደ አቅራቢው ሳይጓዝ ለማወቅና ለማወዳደር ይፈልጋል።

ትምህርት ቤቶችን ራሳቸውን ወደዚህ መንገድ የገፋቸው ግን ችግር ነው። በኮሮና በሽታ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራንና የንባብ ጽሑፍን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ስማርት ስልክ ያለው ወላጅ በዚያው ምክንያት ከትምህርት ቤቱ ጋር በስልኩ ተገናኘ። ትምህርት ቤቶቹ እንደ ገና ሲከፈቱም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር የትምህርት ቤት ክፍያን በስልክ ለመፈጸም መንገድ ተከፈተ። የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤትም ዛሬ በድረ ገጽ፥ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም የሚታይ ሆኗል። እንግዲህ ወላጁ በስልኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ ትምህርት ቤቱ ከዚያ ቢታጣ ጥፋቱ የራሱ ነው።

መሣሪያዎቹና የየራሳቸው ሥራ

በኢንተርኔት መታወቅ ሲባል ብዙዎች ውድ ድረ ገጽ ማሠራት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መሣሪያዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥራ አለው።

አንደኛው የካርታ ምዝገባ ነው። በጉግል ካርታ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም፥ ቦታ፥ የስልክ ቍጥርና የሥራ ሰዓት ማስመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ አካባቢው አዲስ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ነጋዴ በመጀመሪያ የሚፈልገው «በዚህ ከተማ ምን ትምህርት ቤት አለ?» ብሎ ነው። በካርታው ላይ የሌለ ትምህርት ቤት ለዚህ ሰው እንዳልተከፈለ ሱቅ ሳይሆን ከነጭራሹ እንዳልተሠራ ቤት ነው።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። በዚህ ላይ ቻናልንና ግሩፕን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በቻናል ትምህርት ቤቱ ይናገራል፥ ወላጆች ይሰማሉ፤ በግሩፕ ግን ሁሉም ይናገራል። የምዝገባ ቀን፥ የክፍያ ልክና የፈተና ጊዜ በቻናል ሊነገር ይገባዋል። በግሩፕ የተነገረ ማስታወቂያ በሰላምታውና በጥያቄው ብዛት ተውጦ ይቀራልና። ግሩፕ የሚጠቅመው የአንድ ክፍል ወላጆች ከመምህራቸው ጋር ለመነጋገር ሲፈልጉ ነው።

ሦስተኛው ፌስቡክ ነው። ይህ በተለይ የሚጠቅመው የቀድሞ ተማሪዎችንና በውጭ አገር ያሉትን የአካባቢውን ተወላጆች ለማግኘት ነው። ቤተ መጻሕፍት ለማደራጀት ወይም የላቦራቶሪ ዕቃ ለማሟላት ርዳታ የሚፈለግ ሲሆን፥ ከቀድሞ ተማሪ የበለጠ ቅርብ ወዳጅ አይገኝም። አራተኛው ድረ ገጽ ነው፤ እርሱም አቅም ሲገኝ የሚሠራ ነው። የትምህርት ቤቱን ፈቃድ፥ የመምህራኑን የትምህርት ደረጃና የየዓመቱን ውጤት በአንድ ቦታ አከማችቶ ለማቆየት ከሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን ተሠርቶ ሁለት ዓመት ሳይታደስ የቀረ ድረ ገጽ አቧራ የጠጣ የሱቅ መስኮት ማለት ስለ ሆነ፥ ባይኖር ይሻላል።

ተራው አጭር የጽሑፍ መልእክትም ሊናቅ አይገባውም። በገጠር ቀበሌ የሚኖረው ወላጅ ሁሉ ስማርት ስልክ የለውም። ቢኖረውም የኢንተርኔት ጥቅል ሁልጊዜ አይገዛም። «ምዝገባ በዚህ ቀን ይጀመራል» የሚል አንድ መስመር መልእክት ለማንኛውም ስልክ ይደርሳል።

ስለ ቋንቋና ስለ ወቅት

በጅማ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በከተሞቹም አማርኛ በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ ማስታወቂያው በሁለቱም ቋንቋዎች ሊወጣ ይገባዋል። ማንበብ ለሚቸግራቸው ወላጆች ደግሞ በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት መልካም መፍትሔ ነው። ርእሰ መምህሩ በገዛ ድምፁ የሚናገረው የአንድ ደቂቃ ቃል ከተዋበ ሥዕል ይልቅ ይታመናል።

የስም አጻጻፍም ትንሽ ነገር መስሎ ብዙ ያስከትላል። አንዱ «ጅማ» ሌላው «ጂማ» ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም የቁቤው አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው ይለያል። የኢንተርኔት መፈለጊያ የሚያገኘው የተጻፈውን ነውና፥ የትምህርት ቤቱ ስም በሰሌዳው፥ በማኅተሙ፥ በካርታውና በቴሌግራሙ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይገባል። ሌላው የታወቀ አጻጻፍ በማብራሪያው ውስጥ ቢጨመር ፈላጊው አይስትም።

ከዚህ በኋላ የወቅት ነገር አለ። ምዝገባ የሚደረገው በክረምቱ መጨረሻና በመስከረም ሲሆን፥ የቡና ገንዘብ ወደ ገበሬው እጅ የሚገባው ግን ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ መለቀም ሲጀምር ነው። በሐምሌና በነሐሴ የወላጁ ኪስ ሳስቶ፥ መንገዱም ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ይህን የተረዳ ትምህርት ቤት ክፍያው ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በስንት ጊዜ ተከፋፍሎ እንደሚከፈልና የመጨረሻው ቀን መቼ እንደ ሆነ ከሰኔ ጀምሮ በግልጽ ያስታውቃል። ወላጁም ዐውቆ ይዘጋጃል። የክፍያን ልክ ደብቆ «መጥተው ያነጋግሩን» ማለት ግን ዋጋ የማይነግር ባለሱቅን ይመስላል፤ ገዢው ወደሚነግረው ያልፋል።

ናሙናውና ጭነቱ

እስከዚህ የተባለው ስለ መሣሪያው ነው። ዋናው ነገር ግን በመሣሪያው የሚነገረው ቃል ነው። የቡና ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቡና በናሙና ይታያል፥ ደረጃ ይወጣለታል፥ ከዚያም ይሸጣል። ናሙናው ጥሩ ሆኖ ጭነቱ ከናሙናው ያነሰ እንደ ሆነ፥ ገዢው ሁለተኛ ከዚያ ሰው አይገዛም። የትምህርት ቤት ማስታወቂያም ናሙና ነው፤ ጭነቱ በክፍል ውስጥ ያለው ትምህርት ነው።

የኢትዮጵያ ትምህርት በቅርብ ዓመታት ያጋጠመው ነገር የዚህን ክብደት ያሳያል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየገቡ እንዲወስዱት ተደረገ። ውጤቱ ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆነ። በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ስንቱ ወላጅ ልጁ በየዓመቱ ከፍተኛ ነጥብ እያመጣ ሲያልፍ ቆይቶ፥ በመጨረሻው ሰዓት ነጥቡ ባዶ መሆኑን ዐወቀ። ናሙናና ጭነት አልገጠሙም ማለት ይህ ነው። በቡና ላይ የደረሰ ኪሳራ በሚቀጥለው ገበያ ሊካካስ ይችላል፤ የልጅ 12 ዓመት ግን ተመልሶ አይገዛም።

እንግዲህ ትምህርት ቤት ስለ ራሱ ሲናገር በቍጥር ቢናገር ይመረጣል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ከፍተኛ ነጥብ ሲያመጣ ፎቶግራፉን በትልቁ ማውጣት የተለመደ ነው። ልጁን ማክበር ተገቢ ቢሆንም፥ ወላጁን ግን አያስረዳም። የሚያስረዳው ስንት ተማሪዎች እንደ ተፈተኑ፥ ከእነርሱ ስንቱ እንዳለፉ፥ ከአምናው ጋር ሲነጻጸርም ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ነው። ከ40 ተማሪዎች 6ቱ ብቻ ያለፉለት ትምህርት ቤት ቢኖር፥ ቍጥሩን ሳይደብቅ አውጥቶ፥ ከሥሩ ለሚመጣው ዓመት በሒሳብና በእንግሊዝኛ ምን እንደሚያደርግ ቢጽፍ፥ በመጀመሪያ ያፈረ ይመስላል እንጂ የወላጁን እምነት ያተርፋል። ምክንያቱም የፈተናው ውጤት ለተማሪው ሁሉ በስልኩ ስለሚደርሰው፥ ትምህርት ቤቱ የሚደብቀውን ጎረቤቱ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ከውጤቱ ቀጥሎ ወላጅ ሊያውቅ የሚፈልገው ቀላል ቀላል ነገር ነው። በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚቀመጡ፥ ውሃና መጸዳጃ መኖሩን፥ ሕፃናቱ ከአስፋልቱ መንገድ እንዴት እንደሚጠበቁ፥ ምሳ የት እንደሚበሉ ይጠይቃል። እነዚህን የሚያሳይ፥ በተራ ስልክ የተነሣ እውነተኛ ፎቶግራፍ ከሌላ አገር ትምህርት ቤት ተቀድቶ ከመጣ የተዋበ ሥዕል ይበልጣል። ከሌላ የተቀዳው ሥዕል ወላጁ በሩን ሲረግጥ ይጋለጣልና።

ሕግ የሚያዘውና ጥንቃቄ የሚሻው

ማስታወቂያ ነጋሪ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገባ ሁለት ዐዋጆች አሉ። አንደኛው የማስታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 759/2004 ነው፤ አሳሳች የሆነ ማስታወቂያን ይከለክላል። ሁለተኛው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ነው፤ የሰውን የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት መሰብሰብንና መበተንን ይገድባል። ይህ በትምህርት ቤት ላይ የሚያርፈው በተለይ የሕፃናት ነገር ስላለ ነው። የልጅን ፎቶግራፍ፥ ሙሉ ስምና የፈተና ነጥብ ለሁሉ በተከፈተ ቻናል ላይ ከማውጣት በፊት የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ክፍያ ያላጠናቀቁትን ልጆች ስም ዝርዝር በግሩፕ ላይ መለጠፍ ደግሞ ልጁን ከባልንጀሮቹ ፊት ማዋረድ ነው፤ ገንዘቡን ቢያስገኝ እንኳ ወዳጅነቱን ያሳጣል።

የአሠራር ጥንቃቄም አለ። የቴሌግራሙ ቻናልና የፌስቡኩ ገጽ መከፈት ያለባቸው በትምህርት ቤቱ የስልክ ቍጥር እንጂ በአንድ ሠራተኛ የግል ቍጥር አይደለም። ሠራተኛው ሥራ በለቀቀ ቀን ቻናሉም አብሮት ይሄዳልና። የይለፍ ቃሉ ከሁለት ሰዎች በላይ ሊያውቀው አይገባም፤ ሰው ሲለወጥም ቃሉ መለወጥ አለበት። በትምህርት ቤት ስም የሐሰት ቻናል ከፍቶ «የመመዝገቢያ ገንዘብ በዚህ ቍጥር አስገቡ» የሚል አታላይ ሊነሣ ስለሚችል፥ ትክክለኛው የመክፈያ ቍጥር በትምህርት ቤቱ በር ላይና በደረሰኙ ላይ ታትሞ እንዲታይ ማድረግ ይጠቅማል።

ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ እንዳለም መዘንጋት አይገባም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የፈተና ስርቆትን ለመከላከል፥ በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ማስታወቂያውን ሁሉ በስልክ ላይ ብቻ የጣለ ሰው ያን ጊዜ ድዳ ይሆናል። በገበያ ቀን በሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትና በማኅበረሰብ ሬድዮ የሚነገረው ቃል ስለዚህ አይተውም።

ወጪውና ትርፉ እንዴት ይታወቃል?

ነጋዴ ወጪ ያወጣበትን ነገር ትርፉን ይጠይቃል፤ በዚህም ላይ እንዲሁ ማድረግ ይገባል። ብዙ ተከታይ ማግኘት ብቻውን ትርፍ አይደለም። ገጹን የወደደው ሰው ልጁን የማያስመዘግብ እንደ ሆነ ደመወዝ አይከፈልበትም። ትክክለኛው መለኪያ በመመዝገቢያው መዝገብ ላይ አንድ ዐምድ መጨመር ነው። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣውን ወላጅ ሁሉ «ስለ ትምህርት ቤቱ ከየት ሰሙ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መጻፍ ነው። በመስከረም መጨረሻ ሲደመር፥ ስንቱ ከቴሌግራም፥ ስንቱ ከካርታ፥ ስንቱ ከጎረቤት እንደ መጣ ይታወቃል። የሚቀጥለው ዓመት ወጪም በዚያ ይወሰናል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው ሰው ነው። ለጥያቄ በዕለቱ መልስ የሚሰጥ አንድ ጸሐፊ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል። ወላጅ ማታ የጠየቀውን ጧት ካልመለሱለት ከጎኑ ያለውን ይጠይቃል። ጸሐፊው ሙያው የጎደለው እንደ ሆነ፥ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በዚያ ዕውቀቱን ሊያሰፋ ይችላል።

የከተማው ነጋዴዎችም ድርሻ አላቸው። ባለሱቁ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ በመስኮቱ ቢለጥፍ፥ የደብተርና የደንብ ልብስ ሻጩ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምቶ የሚያስፈልገውን ዕቃ ዝርዝርና ዋጋ በቻናሉ ላይ ቢያወጣ፥ ወላጁ ሌላ ከተማ ሄዶ ከመግዛት ይድናል። ገንዘቡም በከተማው ይቀራል። ለዚህ የሚጠየቀው ወጪ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን በአንድ መሠረት ላይ ነው። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» እንደሚባለው፥ ከጭነቱ የበለጠ ናሙና ያሳየ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት ክፍሎቹ ይሞላሉ፥ በሁለተኛው ይሳሳሉ፥ በሦስተኛው ይዘጋል። ስልኩ ውሸቱን በአንድ ቀን እንዳዳረሰለት ሁሉ፥ የተታለለውንም ወላጅ ወሬ በአንድ ቀን ያዳርስበታል። ያለውን ያሳየ፥ የጎደለውንም ሳይደብቅ ለማሟላት የሚሠራ ትምህርት ቤት ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ከዓመት ዓመት ስሙ ይሰፋል። በሰቃ ገበያ ቡናውን ሸጦ የልጁን ክፍያ የሚከፍለው ገበሬ የሚሻው ይህንኑ ነው፤ የታየው ናሙና በክፍሉ ውስጥ እንዲገኝለት።